ያልተቀመሰው ላቴ

ጋሼ አምደሚካኤል የተገኙት ሐሙስ ጠዋት ከቢሯቸው ደረጃ ሥር፣ በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ራሳቸው ወደ ታች፣ እግራቸው ወደ ላይ ነበር። ካፖርታቸውን በአንድ እጃቸው ብቻ ለብሰውታል። ሐኪሙ የሞቱት ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው አለ።

መርማሪ ሳጅን ውባንቺ አርብ ጠዋት ሜልበርን፣ ያራቪል ሰፈር ወዳለው ቢሮ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ሙሌ የሚባለውን ይዘነዋል። ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌው ላይ ሲጮህ ከታች ያለው ባለሱቅ ሰምቶታል። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካላመጣሽ ክስ እንመሠርታለን።»

ሙሌ አገሩ ውስጥ የቆየው በአሠሪው ስፖንሰርነት ነው። ክስ ከተመሠረተበት ሥራውም ቪዛውም አብረው ይሄዳሉ፤ ንጹሕ መሆኑ ቢታወቅ እንኳ የሚመልስለት የለም። ውባንቺ ይህን ስታስብ የመኪና ቁልፏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ታመላልስ ነበር። መቀመጥ ካቃታት ቆይቷል።

ያቺ ጠባብ ቢሮ የአበሻ ድርጅቶች የሥራ ውል የሚረቀቅባትና የሚመረመርባት ነበረች። ውባንቺ ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ወደ ወደብ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች መስኮቱን ያንቀጠቅጡታል። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ኩባያ አየች። በጓንት ክዳኑን አነሳች። ላቴ ነው፤ የቡናው ወተት ቆዳ አውጥቶ ረግቷል። አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም።

«እኔ ነኝ ያመጣሁላቸው» አለች ዶርቃ ከበሩ ሆና።

ዶርቃ የጋሼ ረዳት ናት፤ የፓስተር ልጅ፣ ሕግ የተማረች፣ አነጋገሯ ሥርዓት ያለው። የአንገት ሐብሏን በጣቷ ትጠመዝዛለች።

«መቼ ነው ያመጣሽላቸው?»

«ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እትዬ። ላቴ ይወዱ ነበር፤ እኔ ደግሞ የጾሙን ቀን ሁልጊዜ እረሳለሁ። ‹ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ የኔ ልጅ፣ ጾም ነው› ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ደንበኛ ዘንድ ሄድኩ። ስለያቸው ደህና ነበሩ።»

«ከሳቸው ጋር ብዙ ሠርተሻል?»

«ከገና በኋላ ነው የጀመርኩት። እንደ አባቴ ነበሩ።»

ውባንቺ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ የሚያጠራጥር አልመሰላትም።

ከዚያ ወደ ሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈር ነዳች። አስራት እዚያ ቤት ለቤት አረጋውያንን የሚንከባከብ ድርጅት አለው፤ ሙሌም የሱ ሠራተኛ ነው። አስራትን ሰው የሚያውቀው በጾመኛነቱ ነው፤ በሑዳዴ ግብዣ ተጠርቶ ውኃ ብቻ ጠጥቶ የተመለሰ ሰው ነው ይባላል። አሁን ግን በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው በሊጥ የተጋገረ የበሬ ሥጋ ፓይ ይዞ ተቀበላት።

«እትዬ ውባንቺ፣ ለባለቤትዎ ቀብር ሳልመጣ ቀረሁ። ሁልጊዜ ይጸጽተኛል፤ እሳቸው እኮ...»

«የሙሌን ውል ጋሼ ቢሮ ውስጥ አንብቤዋለሁ። ስለሱ ንገረኝ» አለችው።

አስራት ጎረሰ። «ምን እነግርዎታለሁ? የጋሼ ቢሮ አዘጋጀው፣ እኔ ፈረምኩ።»

«ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሜልበርን ውስጥ ሌላ የእንክብካቤ ድርጅት እንዳይቀጠር የሚከለክለው አንቀጽስ?»

«እሱም ከዚያው ቢሮ የመጣ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ውል አልጽፍም።»

ውባንቺ ዓይኗን ከፓይው ላይ መንቀል አቃታት።

«ምነው እትዬ፣ ልቁረስልዎት?»

«ብላ፣ ብላ» አለችው፤ ተነሥታ ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ጾምና ፍስክ መለየት ትታለች። ያገኘችውን፣ ቆማ፣ ከማቀዝቀዣው በር ሳትርቅ ትበላለች። ድሮ ቀኑን የሚያስታውሳት እሱ ነበር። ይህን አሳብ ከዚህ በላይ አላስኬደችውም፤ ሞተሩን አስነሣች።

ሙሌ ፖሊስ ጣቢያ እግሩን እያወዛወዘ ጠበቃት።

«ውልህን ንገረኝ» አለችው።

«ወረቀቱ የለኝም እኮ።»

«በቃልህ።»

ሙሌ እንደ ዳዊት ደጋሚ አወረደላት። የፈረቃ ለውጥ እንዴት እንደሚነገረው፣ ሲታመም ለማን እንደሚደውል፣ መልቀቅ ቢፈልግ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ አንዱንም አልዘለለም።

«ይህን ሁሉ እንዴት ያዝከው?»

«ጋሼ መልሰህ ካልተረክላቸው አያስፈርሙማ። ‹ያልገባህን ብትፈርም ፊርማው የኔ ነው› ይላሉ። እኔን እንኳ ሁለቴ ነው ያስደገሙኝ፤ በመጀመሪያው እንቅልፌ መጥቶ ነበር።»

«ሌላ ቦታ እንዳትቀጠር የሚለውስ?»

«እሱን አንድም ቀን አላነበቡልኝም። ለመልቀቅ አስቤ ሌላ ኤጀንሲ ቃለ መጠይቅ ቡክ ሳደርግ፣ ጋሽ አስራት ሰምቶ የፈረምኩትን አውጥቶ አሳየኝ። ለዚያ ነው ሄጄ የጮህኩባቸው።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«አነበቡት፤ ፊታቸው ጠቆረ። ምንም አላሉኝም። ኋላ ግን ደወሉልኝ። ‹አስኮት ቬል ባለው ቤትህ ጠብቀኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅህ እመጣለሁ› አሉ። ስጠብቅ ዋልኩ። ብቻዬን ስለነበርኩ የሚመሰክርልኝ የለም።»

«መጨረሻ ያስፈረመህ ማን ነው?»

«ዶርቃ ናታ። ንጹሑን ቅጂ አትማ አመጣችልኝ።»

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ውባንቺ ሦስቱንም ያራቪል ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ሙሌ በአንድ ፖሊስ ታጅቦ መጣ። አስራት ሰዓቱን ያያል። ዶርቃ የጋሼን ወንበር ሸሽታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ውባንቺ ብቻ ቆማለች።

«ጋሼ በድንገት አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ደረጃ ሲወርድ ያዳለጠው ሰው እግሩ ነው የሚቀድመው። እሳቸው ግን በጀርባቸው፣ ጭንቅላታቸው ቀድሞ ነው የወረዱት። ሲወድቁ ፊታቸው ወደዚህ ቢሮ ነበር፤ ከፊታቸው ሰው ቆሟል። ካፖርታቸውን እየለበሱ ነበር። ወደ ሙሌ ሊሄዱ ነዋ። ለሙሌ መደወላቸውን ከስልካቸው አረጋግጠናል። ይቅርታ ሊጠይቀው የሚመጣን ሰው ሙሌ የሚገፋበት ምክንያት የለውም። አስራት፣ ያንን አንቀጽ ጋሼን ጠይቀሃቸው ነበር?»

አስራት ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዴ ጠይቄ ነበር። እምቢ አሉ። ‹ሰው በሬ አይደለም፣ በቀንበር አላስርልህም› አሉኝ። ኋላ ግን ተስማምተዋል ተባለና...»

«ማን አለ?»

አስራት ቀና አላለም። «ዶርቃ። እኔም... የድርጅቱን ውል ሁሉ ወደፊት ለሷ እንደምሰጥ ቃል ገብቼላት ነበር።»

«ይሄ እኮ መግደል አይደለም» አለች ዶርቃ። «እኔ ስወጣ ደህና ነበሩ፤ ነገርኩዎት።»

«ነግረሽኛል። ላቴውን በጾም ምክንያት መለሱት ብለሽኛል። እኔም አምኜሽ ነበር። ዛሬ አርብ ነው። አስራት፣ ጠዋት ምን ስትበላ አገኘሁህ?»

«ፓይ። የሥጋ ፓይ ነበር። ምነው፣ በዓለ ሃምሳ አይደል እንዴ?»

«ነው። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም አርብም ፍስክ ነው። ጋሼ ይህን ከአስራት ይበልጥ ያውቃሉ። ዶርቃ፣ አንቺ የመጣሽው ከገና በኋላ ነው፤ ሑዳዴውን ሙሉ ወተት ሲመልሱ አየሽ፣ ሁልጊዜም እንዲያ መሰለሽ። ያልጠጡት ኩባያ ሲገኝ ምክንያት ፈለግሽለት። ረቡዕ ዕለት የጾም ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እና ላቴ የሚወድ ሰው፣ ጾም በሌለበት ቀን፣ ትኩሱን ለምን ሳይነካው ይቀራል?»

ባቡር አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ዶርቃ የያዘችው ሐብል ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ።

«ካፖርታቸውን ሲለብሱ ለመንኳቸው» አለች ቀስ ብላ። «አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። ሂጂ አላሉኝም፤ አልተቆጡኝም። ላቴውን ሳቀርብላቸው ብቻ፣ ‹ከእንግዲህ ከእጅሽ አልቀምስም› አሉኝ። እንደሱ ከሚሉኝ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ደረጃው ተከተልኳቸው። ወደኔ ሲዞሩ... እጄ ቀደመኝ።»

ፖሊሱ ከሙሌ አጠገብ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ውባንቺ ለአለቃዋ ደወለች። «ልጁን ልቀቀው» ብላ ዘጋች።

ሙሌ ደረጃው ግርጌ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። አንቀጹን እሳቸው አልጻፉት። ለምን ነበር ይቅርታ ሊጠይቁኝ የተነሡት?»

«ያልገባህን ብትፈርም ፊርማው የኔ ነው ብለውህ የለ?»

ሙሌ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከዚያ ማዶ ያለውን ካፌ አመለከተ።

«ላቴ ልጋብዝዎት? ይጾሙ እንደሆነ ግን...»

«እስከ ጰራቅሊጦስ ፍስክ ነው» አለችው።

ከካፌው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ቁልፏን አስቀመጠች። ሙሌ ኩባያውን በሁለት እጁ አቀበላት። ውባንቺ ተቀምጣ ጠጣች።