ከጌሾው ሥር የወጣው ጓጉንቸር

ማመን ያቃተው አይመን... ነገሩ ግን የሆነ ነው። ኮልፌ፣ በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ።

የአሰሳ ቀን ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጉልላት አንድ ወታደር አስከትሎ እማማ ተሻለች ግቢ ገባ። ወታደሩ ፈንጂ መፈለጊያ ይዟል፤ የተቀበረ ጠመንጃ ካለ ይጮሃል ተባለ።

የተሻለች ልብ ግን ከአጥሩ ማዶ ነው። ልጇ ደመቀ እዚያ ቀበሌው ውስጥ ታስሯል። የጓደኞቹን ስም ከተናገረ ይፈታል ብለዋታል። እሱ ከተያዘ ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። ሲገረፍም።

ጌሾው ሥር ሲደርሱ መሣሪያው ጮኸ...

ቆፈሩ። የወጣው የተቆለፈ አሮጌ ጓጉንቸር ነው።

"የምን ጓጉንቸር ነው፣ እማማ? ሣጥኑስ የታል?" አለ ጉልላት።

ተሻለች ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

ወታደሩ አፈሩን ሲጠርግ ፊቱ ተለወጠ። ክረምቱን አፈር ውስጥ የከረመ ብረት ዝገት አልነካውም። ይሞቃል... ከቀዳዳውም እንደ ምራቅ ያለ ነገር ይንጠባጠባል።

"ሴትዮ፣ ተናገሪ።" አለ ጉልላት። እማማ መባሉ ቀረ።

አምና ነው። ደመቀ በየስብሰባው እየተነሣ መናገር ሲያበዛ፣ ምላሱ እንዳያስገድለው ብላ ደብተራ ዘንድ ሄደች። ደብተራው የልጁን ስም እየጠራ ጓጉንቸሩን ቆለፈ። እሷ ቀበረችው፤ መክፈቻውን ወንዝ ጣለችው። ደመቀም ዝም አለ። ተመስገን ብላ ነበር... ዝምታው ምን ቢደብቅ ነው ተብሎ እስኪያዝ ድረስ።

"የልጄ አፍ ነው፤ ደብተራ ነው የቆለፈው" አለች ቀስ ብላ። "ስበሩት... ይናገርና ልቀቁልኝ።"

ጉልላት ሳቀ። "ደብተራሽ ከአብዮቱ ይበልጣል በይኛ።" ለወታደሩ በአገጩ ምልክት ሰጠው።

በዶማው ጀርባ አንድ ጊዜ። ቀለበቱ ተፈናጥሮ ወጣ።



አንድ አብዮት ጠባቂ ከቀበሌው እየሮጠ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

"ጓድ... ልጁ እያወራ ነው።"

"የቱ ልጅ?"

"ደመቀ።"

የጉልላት ፊት አመድ መሰለ። "ጠዋት አይደል እንዴ በሸራ የጠቀለላችሁት?" አለ በሹክሹክታ።

ተሻለች ሰማች።

"አዎ፣ ጓድ። እዚያው ሸራው ውስጥ ነው... ስም ይጠራል።"

ድምፁ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። የልጇ ድምፅ ነው፤ ከአምና ወዲህ ያልሰማችው። የሚጠራው ግን የጓደኞቹን ስም አልነበረም።

"ጉልላት..."

ጉልላት ሊጮህ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ዓይኑ ተሻለች ላይ ቀረ።

እሷ አላየችውም። መሬቱን ነበር የምታየው።

የተሰበረው ጓጉንቸር እንደ ወደቀ ነው... ቀለበቱ ግን ተመልሶ ገብቷል። ተቆልፏል።