ማንቡክ የተቀዳው ካሴት

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም፣ እኔ ጂኒ ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያወራ ፊት ለፊቱ የምስቅ ልጅ ነኝ፣ ጎረቤቶቻችን ስለ ጅብና ስለ ሌሊት ዛፍ ሲያወሩ እኔ ስስቅባቸው እናቴ ስንት ጊዜ በዓይኗ እንደገረፈችኝ እኔና እሷ ነን የምናውቀው። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ ካነበበው ወዲህ ደግሞ እስክሪብቶ እጄ ከገባ መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ብረዝምባችሁ ቻሉኝ፣ ግን እመኑኝ፣ ከራሴ የጨመርኩት ነገር የለም።

እናቴ ከዲጃ ይማም ትባላለች። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነው አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ናት፣ ያኔ እኔን የምታክል ልጅ ነበረች። ሁሴን የሚባል ትንሽ ወንድም ነበራት። እናትና አባታቸው እዚያው ወሎ የድርቁ መጠለያ ውስጥ ስለሞቱ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እሷን የጫነው መኪና ወደ አሶሳ መጣ፣ እሱን የጫነው ወደ መተከል ሄደ፣ በቃ፣ መጨረሻው ያ ነው። ለምን ተለያያችሁ ብዬ ስጠይቃት «በጥሪ ነበር የሚጭኑት» ትለኛለች እንጂ ሌላ ቃል አትጨምርም። ሞተ ብሎ መርዶ ያመጣ የለም፣ አለ ብሎ የመጣም የለም፣ ስለዚህ እናቴ እርሟን አላወጣችም። አባቴ ተቀምጠሽ አልቅሺና ይውጣልሽ ባላት ቁጥር ተነስታ ትወጣለች።

ድሮ መተከል ጎጃም ነበር፣ እኛ ደግሞ ወለጋ። አዲሱ ክልል ሲመጣ ሁለቱ አንድ ሆኑ፣ ዓባይ መሃላቸው እንደተጋደመ ነው እንጂ ወረቀቱም ሰዉም ሁሉ ወደ አሶሳ መሰብሰብ ጀመረ። ከተማ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፣ ከጀርባው ባለች ጠባብ ክፍል ከየወረዳው ሽማግሌዎች የተናገሩት በካሴት ተቀድቶ ይቀመጣል፣ የተናገሩት ሰዎችና የጠሯቸው ዘመዶች ስም ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። እናቴ ይህን ገበያ ላይ ሰምታ ስትመጣ ፊቷ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። አንቺን ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው አለችኝ። ካለ ዓባይን ተሻግረን እንሄዳለን፣ ከሌለም እርሜን አወጣለሁ፣ አንዱን ብቻ አምጪልኝ አለችኝ።

እኔማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኮምፒውተር በእጄ ልነካ ነው።

የክፍሉ ጠባቂ አቶ ኢድሪስ ይባላሉ፣ የአሶሳ አካባቢ በርታ ናቸው፣ አማርኛውን በንግድ ስለተማሩት ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። «አንተ ልጅ» አሉኝ የመጀመሪያ ቀን፣ «ይሄ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚነካው፣ ካልሆነ ይናደዳል።» እውነታቸውን ነው፣ አንዷን ፊደል ለማውጣት ጣቴ ሲንከራተት ስሙን የጠራሁት ሰውዬ ራሱ በእግሩ የሚደርስ ይመስላል። ሁሴን ብዬ ስጽፍ ሁሴኖች እንደ ጎርፍ መጡ። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዱ ገና ጡት ያልጣለ፣ አንዱ አባቱ ይማም ሆኖ ልጮህ ስል ዕድሜው ከእናቴ ይበልጣል። ሁልጊዜ ወደ ቤት ስመለስ እናቴ መንገዱ ዳር ቆማ ታየኛለች፣ ገና ከሩቅ ራሴን ስነቀንቅ ዞራ ትገባለች። ከብዙ ሳምንት በኋላ መጠየቁንም ተወችው፣ መቆሙን ግን አልተወችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ኮምፒውተሩም ጭጭ አለ። አቶ ኢድሪስ አዘኑልኝ መሰል በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ቴፕና የጆሮ ማዳመጫ አወጡልኝ፣ መተከል ውስጥ ማንቡክ አካባቢ የተቀዳ ነው፣ እንደ እናትህ ሰፋሪ ነው፣ ወሬው ያስቃል አሉኝ። ካሴቱ ሲጀምር የሚቀዳው ሠራተኛ ቦታውንና ጊዜውን ይናገራል፣ ዓምና በጋ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ስለተሰጣቸው ዶማና ጎረቤታቸው የሆነ ጉሙዝ የትኛው ሥር እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚገድል እንዴት እንዳስተማራቸው ማውራት ጀመሩ፣ እውነትም ያስቃሉ።

መሃል ላይ ዝናብ ሰማሁ። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ የሚወድቅ መስሎኝ ማዳመጫውን አወጣሁ፣ ውጭ ፀሐይ ነው፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። መልሼ ሳደርገው ዝናቡ አለ፣ ከዝናቡ ሥር ደግሞ ቆሞ የሚንተከተክ የመኪና ሞተር አለ። ሽማግሌው ማውራታቸውን አላቆሙም፣ ግን ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፣ ተሸክሞ ወደ ሌላ ክፍል የወሰዳቸው ሰው ያለ ይመስላል። ከዚያ ሕፃን አሳለ፣ ጆሮዬ ሥር ነው ያሳለው፣ ዞር ብዬ አየሁ።

ቀጥሎ ጎርናና የወንድ ድምፅ መጣ፣ ያንኑ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቅ የዋለ ሰው ድምፅ ነው።

«ከዲጃ ይማም እህትህ ናት?»

ሕፃኑ ደግሞ አሳለ።

«ልጅ፣ አንተን እኮ ነው። እህትህ ናት ወይ?»

«አይደለችም» አለ ሕፃኑ። «አላውቃትም።»

ከዚያ ሽማግሌው ስለ ዶማቸው በጀመሩት ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ተመልሰው መጡ። ካሴቱን ወደ ኋላ አዞርኩት፣ ዝናብ የለም፣ ሞተር የለም፣ ሳል የለም። ደግሜ አዞርኩት፣ የለም። አቶ ኢድሪስ ራሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙልኝና ማዳመጫውን መለሱልኝ። «ምሳ በላህ?» ብቻ አሉኝ። በማግስቱ የቀዳውን ሠራተኛ ጠይቀውልኛል፣ ሕፃን አልነበረም፣ መኪናም አልነበረም፣ እዚያ መንደር የገባነው በእግራችን ነው ብሏቸዋል።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ማሽላ ታበጥራለች። ነገሩን ስነግራት ግማሽ ፈርቼ ግማሽ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምንም ቢሆን ስሟን የጠራ ሰው አገኘሁ። አባቴ ከዲጃ የሚባል ስንት አለ ብሎ ወጣ። እናቴ ግን ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ድምፁ የሕፃን ነው?»

የሕፃን ነው አልኳት።

«የተቀዳው ግን ዓምና ነው?»

ዓምና ነው ስል ነው እኔም የገባኝ። ሁሴን ዛሬ ቢኖር ጢም ያለው ሰው ነው።

ለአባቴ እንኳ ነግራው የማታውቀውን ያን ማታ ለእኔ ነገረችኝ። መጠለያው ውስጥ ዱቄት የሚሰፈረው በሰው አልነበረም፣ በቤተሰብ ነበር፣ ሁለት ሁኑ ስምንት ስፍሩ አንድ ነው፣ ስለዚህ ሰዉ ልጁን ለጎረቤት እያስመዘገበ ስፍሩን ያበዛ ነበር። እሷም ሁሴንን ብቻውን ስለሆነ ስፍር ለማያገኝ ለአንድ ጎረቤት ሽማግሌ ልጁ ነው ብላ አስመዘገበችው፣ ስፍሩን ሊካፈሉ፣ የእናትና አባቷ ስፍር ደግሞ በእሷ እጅ እንዳለ ነው። ትንሽ ስለነበር እንዳያጋልጣት ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ታስጠናዋለች፣ ማንም ቢጠይቅህ አላውቃትም በል እያለች፣ ሲሳሳት እየቆነጠጠች። ኋላ ሰፈራው ሲመጣ የሚጭኑትም በቤተሰብ ሆነ፣ የሽማግሌው ስም ተጠርቶ ሁሴን መኪናው ላይ ወጣ። እናቴ በዝናቡ ሮጣ ወንድሜ ነው አለች። መዝጋቢው ከእሷ ፊቱን አዙሮ እሱን ጠየቀው።

«ዓይኔን እያየ» አለችኝ እናቴ፣ «ዓይኔን እያየ እንዳስተማርኩት አለ። ደግሞ ሳቅ አለልኝ፣ ጎበዝ እንድለው።»

ከዚያ ወዲህ እናቴ ገበያ በወጣች ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያች ክፍል ትገባለች። አቶ ኢድሪስ ምንም አይሏትም፣ ካሴቱን አዘጋጅተው ይወጣሉ። ማዳመጫውን አድርጋ ለቴፑ ታንሾካሹካለች፣ «ሁሴንዬ፣ አሁን አውቃታለሁ በል። እኔው ነኝ ያልኩህ።» የሚመልስላት ያ የካሴቱ ሽማግሌ ነው፣ ስለ ዶማ። አባቴ እርምሽን አውጪ ማለቱን ትቷል፣ ሞቶ ከሆነ ያ ድምፅ የማን ነው፣ አለ ከሆነ ለምን አላደገም፣ እሱም ግራ ገብቶታል። እኔም ኮምፒውተሩን አልነካም፣ አልፈልገውም።

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያት ሄጄ ነበር። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ማዳመጫውን አውልቃ እኔ ጆሮ ላይ አደረገችው፣ እኔን አኩርፎኛል፣ አንቺ ስሚልኝ አለችኝ። ሽማግሌው ያወራሉ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ሞተሩ መጣ፣ ሽማግሌው ራቁ። ሕፃኑ እንዲያስል ስጠብቅ ያ የጠያቂው ጎርናና ድምፅ ቀደመው።

«አንቺስ?» አለ። «አንቺን ነው። ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

እመኑኝ፣ አስቤው አይደለም፣ አስተማሪ ድንገት ሲጠይቃችሁ አፋችሁ ቀድሟችሁ እንደሚመልሰው ነው፣ አላውቀውም አልኩ፣ ደግሞም እውነቴን ነው፣ አይቼው አላውቅም። ማርሹ ሲገባ ሰማሁ። ጎማው ከጭቃው ሲላቀቅ ሰማሁ፣ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ሽማግሌው ተመለሱ።

እናቴ አፌን እያየች ነበር። ምን አለሽ አለችኝ። ምንም አልኳት።

«ታዲያ አላውቀውም ያልሽው ማንን ነው?»

እስካሁን አልመለስኩላትም፣ ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው።