አቤት ባይዋ ስልኬ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ቆቦ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የማምነው በመቀሴና በሜትሬ ነው፣ እናቴ «ስምሽን ሲጠሩሽ ሦስቴ ሳይደግሙ አቤት አትበይ፣ ጂን ይሆናል» ስትለኝ እንኳ እስቅባት ነበር።

ታናሽ እህቴን ዘሀራን አልፎ አልፎ ይጥላታል፣ ሠርጓ ደርሷል፣ ለእጮኛዋ ራሷ በጊዜዋ ልትነግረው ነበር። ስለ መድኃኒቱ በእኔ ስልክ አነበበች፣ ስሟን የትም አልጻፈችም፣ የከፈተችውንም ሁሉ አጠፋች። በማግስቱ የቀሚስ ሞዴል ልፈልግ ስል «ለሚጥል በሽታ መፍትሔ» የሚል ማስታወቂያ ድቅን አለ። ስልኬን ፎርማት አስደረግኩ፣ ሲም ካርዱንም ቀየርኩ፣ ሰዓቱን እንደ ልማዴ በሀበሻ አቆጣጠር ሞላሁና ተገላገልኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

የሙሽራው እናት እመት ሉባባ ከጎብዬ የሠርጉን ጨርቅ ይዘው መጡ፣ ሞዴል ላሳያቸው ስልኩን ስሰጣቸው፣ እመኑኝ፣ ያው ማስታወቂያ ወጣ።

«ይሄ ለማን ነው፣ ልጄ?» አሉ አጠገቤ የተቀመጠችውን ዘሀራን እያዩ።

«ለእኔ ነው እማማ፣ እኔን ነው የሚጥለኝ» አልኩ።

«አላህ ያሽርሽ» አሉና ጨርቁን አጣጥፈው ሌላ ሰፊ ዘንድ ወሰዱት።

እየተንጨረጨርኩ ስልክ ጠጋኙ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

«ስልኩ ተጠርጎ፣ ስም ሳንጽፍ እንዴት ያውቀናል?» ብለው «ለማስታወቂያው ስምሽ ምን ይሠራለታል?» አለኝ። «የምትከፍቺው የኢንተርኔት ገጽ ሰዓትሽን፣ ቋንቋሽን፣ የፊደልሽን ዓይነት፣ የስክሪንሽን ስፋት ይጠይቃል፣ ገጹን የምትከፍቺበት ብሮውዘርሽም አንቺን ሳትጠይቅ ትመልሳለች። በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ስልክ ደግሞ ስንት አለ? በእሱ ለየሽ።»

እኔ ሦስቴ ካልተጠራሁ እንዳልመልስ ተመክሬ አድጌ፣ ስልኬ ለመጣው ሁሉ አቤት ትላለች! ለእነዚህ ማስታወቂያ ነጋዴዎች ማን ፈቀደላቸው? የእህቴ ሕመም የማን ሸቀጥ ነው? የሰው በር ላይ ጆሮውን የሚለጥፍ በእኛ አገር ነውረኛ ይባላል፣ እነዚህን ግን የሚጠይቃቸው የለም።

ሰይድ ሰዓቱን እንደ ሌላው ስልክ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አደረገልኝ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የምትሰጥ ብሮውዘርም ጫነልኝ፣ ነገሩ ጸጥ አለ።

ትናንት ከሰዓት ግን ሱቄ ውስጥ እየሰፋሁ፣ ወላሂ ሳልነካት፣ ስልኬ በራች፣ አንዴ ጢን አለች። «እህትዎን ሲጥላት አጠገቧ ማን አለ?» ይላል። እኔ እኮ ለሰው ሁሉ የሚጥለው እኔን ነው ብያለሁ።

ቶሎ ብዬ ገለበጥኳት። ዘሀራ ከሱቁ ጓዳ ብቅ አለችና «አቤት፣ ጠራሽኝ እንዴ?» አለችኝ።

አልጠራኋትም።