ለሙሴ ያኒ የተላከው ደብዳቤ

ሽማግሌው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከአሰላ ወደ ጭላሎ ግርጌ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬደው መንገድ፣ ጅረት ዳር ካለ የገብስ ማሳ ውስጥ። ጉልበታቸውን አቅፈው ቁጭ እንዳሉ ደርቀዋል። ያገኛቸው ከዲሮ የሚባል ገበሬ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቁ መንገደኛ መስለውት፣ «አባባ፣ ቤት አለ አይደል እንዴ፣ ግቡ እንጂ!» ብሎ ሁለት ጊዜ ተጣርቶ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ሣህሌ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ጊዜው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ነው። ሣህሌ በከተማው ፖሊስ ምርመራ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ እነዚያ ዓመታት ደግሞ ምን ዓይነት ዓመታት እንደነበሩ የኖረባቸው ያውቃል። አንድ ቀን ሬሳ አይቶ ሲመለስ ምሳውን አጣጥሞ በላና በራሱ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ መደንገጡም ቀረ። ዛሬም ምንም አልተሰማውም። ዓይኑ ግን ሥራውን ይሠራል።

ሟቹን ያውቃቸዋል። አቶ ወልደ ሚካኤል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእግርና በበቅሎ ፖስታ ያደሉ ሰው ናቸው። ከአራት ዓመት ወዲህ ልባቸው እየጠፋ፣ ልጃቸውን ከሟች ወንድማቸው መለየት እያቃታቸው መጣ። ተነስቶ መሄድም አመል ሆነባቸው።

«ቁስል የለም፣ ብርድ ነው» አለ ከዲሮ። «ወላሂ፣ የትናንቱ ዝናብ በሬ ይገድላል።»

ሣህሌ አጠገባቸው ተንበረከከ። የሽማግሌው ካፖርት ከታች እስከ አንገት፣ እስከ ላይኛዋ ቁልፍ ድረስ ተቆልፏል። ሲፈታው ከሸሚዙ ሥር፣ ደረታቸው ላይ የተለጠፈ ፖስታ አገኘ። ጽሑፉ በኮፒያ እርሳስ ስለሆነ እርጥበቱ ሐምራዊ አድርጎታል እንጂ አላጠፋውም፤ ፊደሉ ሆን ተብሎ ተንጋዷል። «ሪኮማንዴ። ለሙሴ ያኒ፣ የውሃ ወፍጮ» ይላል፤ ሪኮማንዴ ተቀባዩ ፈርሞ የሚረከበው ደብዳቤ ነው። ውስጡ አንድ ባዶ ወረቀት ብቻ ነው።

«ሙሴ ያኒ ማነው?»

ከዲሮ ሳቅ አለ። «ግሪኩ? እኔ ሳላገባ የሞተ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት አልፎታል። ወፍጮውም ፈረሰ፤ የቆምክበት እኮ ነው።»

ሣህሌ እግሩን አነሳ። ገብስ ብቻ ነው።

ወደ ከተማ ሲመለስ ቀበሌው አስቀድሞ ፈርዶ ጠበቀው። የሽማግሌው ምራት፣ የልጃቸው የመምህር ፍሰሐ ሚስት የሺሃረግ ታስራለች። እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነዋሪው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሽማግሌውን እንድትጠብቅ ፈቃድ ተሰጥቷት ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። «ሰልችቷት አውጥታ ጣለቻቸው» ተብሎ ተጻፈባት። ማክሰኞ ቀትር ላይ መኪና ወደ ወህኒ ቤት ይወስዳታል። ያኔ አንዴ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚናገር አልነበረም።

አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ወደ አርባ የምትጠጋ፣ የጮሌ ወረዳ ሰው ናት። አታለቅስም።

«እንዴት ነበር የምትጠብቂያቸው?»

«መቆለፍ አይሆንም። ከቆለፍኩባቸው እጃቸው እስኪደማ በሩን ይደበድባሉ። ስለዚህ በሩ ላይ የግድግዳውን ቀለም የሚመስል ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። በሩን ካላዩት በር መኖሩን ይረሱታል። የአጥሩ በር ላይ ደግሞ የበግ ቃጭል አሰርኩ።»

«መሄድ አለብኝ ሲሉሽስ?»

«አልከራከርም። ‹ሥራ ረፈደብኝ› ሲሉ አሮጌ ፖስታዎች በቦርሳ እሰጣቸዋለሁ። ግቢውን እየዞሩ ያድላሉ። ለእኔ አንድ፣ ለልጃቸው ለትርፌ አንድ፣ ለዶሮዎቹም አንድ። እፈርምላቸዋለሁ። ሥራቸው ሲያልቅ ይረካሉ፣ ይተኛሉ። ካልተፈረመላቸው ግን አይመለሱም። እንዲያ ነው የለመዱት።»

«እሑድስ?»

«ዝናቡ ሲጥል በርሜል ልደቅን ጓሮ ወጣሁ። ቆርቆሮው እየጮኸ ቃጭሉ አልተሰማኝም። ስመለስ የሉም። ሰፈሩን ብቻዬን ስፈልጋቸው ዋልኩ።»

«ካፖርታቸውን የምታለብሻቸው አንቺ ነሽ?»

«ሁልጊዜ። እሳቸው ቁልፍ መቆለፍ ከረሱ ሁለት ዓመታቸው ነው። ላይኛዋን ግን አልቆልፋትም። አንገታቸውን ስትነካቸው ታነቅሁ ብለው ይጮሃሉ፤ ሁለት ጊዜ በጥሰዋታል።»

ሣህሌ ማስታወሻው ላይ አንዲት መስመር ጻፈ። «ሙሴ ያኒን ታውቂዋለሽ?»

«ኧረ እኔ አላውቅም! አዲሱ ሐኪም ነው?»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደ። ብርድ ልብሱ በሩ ላይ የለም፤ አራት ማዕዘኑ እኩል ተደርጎ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ልጅ ትርፌ አስገባችው። ከአቦምሳ ልትጠይቃቸው መጥታ ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ይህን ያጠፍሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ ወንድሜ፣ እኔ እሱን እቃ ነክቼው አላውቅም። ከስብሰባ ስንመለስም ታጥፎ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። ከዚያማ ማን ለዕቃ ልብ አለው፣ እሪ ብለን ፍለጋ ወጣን። ፍሰሐ ‹አባቴን አውቀዋለሁ፣ በሲሬ መውጫ ነው የሄደው› ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ወደዚያ መራ። እስኪጨልም በጭቃ ተንቦራጨቅን።»

«ሙሴ ያኒ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?»

«ውይ! የወፍጮው ግሪክ! ከየት አመጣኸው? ልጅ ሆነን አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሰሐን በበቅሎ አፈናጦ ወደዚያ ይወስደው ነበር። ዱቄት ለብሶ ሲመጣ እኔ በቅናት አለቅስ ነበር። ሴት ልጅ ምን ትሠራለች ተብዬ አንድ ቀን አልሄድኩም።»

የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ አስናቀ ከጎጃም የተመደበ ወጣት ነው። የስም መቆጣጠሪያው መዝገብ እጁ ላይ የበቀለ ይመስላል።

«ሁሉም ነበሩ፣ ሃምሳ አለቃ። በስምንትም በአሥራ ሁለትም ስም ጠርቻለሁ። ፍሰሐ አለ፣ በእንግድነት የተመዘገበችው ትርፌም አለች።»

«መሃል ላይስ?»

«መሃልማ ዝናቡ በጣሪያው ላይ ሲወርድ ንግግሩ አልሰማ አለ። ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ተቋረጠ፤ ሰዉ ከታዛው ሥር ቆመ። ትርፌ ከወተት ሻጯ ከፋጡ ጋር ስትስቅ ነበር፤ መዝገቡን ሊያረጥቡብኝ ነው ብዬ የተቆጣኋቸው እነሱን ነው።» ራሱም ሳቅ አለ። «ፍሰሐ ግን እንደ አይጥ ርሶ ነው የገባው። ‹መምህር፣ ታዛው የሚያፈሰው በእርስዎ ላይ ብቻ ነው?› ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ምን ይሳቅ፣ የዝውውሩ ነገር አለበት።»

«የምን ዝውውር?»

«ወደ አቦምሳ ነዋ። አምና እምቢ ብሏል። አሁንም እምቢ ካለ ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ሚስቱ ደግሞ ሽማግሌውን ትቼ አልሄድም፣ ቦታ ከቀየርኩባቸው መንገድ ላይ ነው የሚቀሩት ትላለች አሉ።»

ሣህሌ ወደ ሟቹ ቤት ሲመለስ መምህር ፍሰሐን አገኘው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የለቅሶ ጋቢውን ደርቦ፣ ጢሙን ሳይላጭ ተቀምጧል።

«ሙሴ ያኒ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» አለው ሣህሌ።

«አላውቅም» አለ ፍሰሐ በጥድፊያ። «የጣሊያን ስም ይመስላል።»

ሣህሌ አመስግኖት ወጣ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሁሉንም ቀበሌው አዳራሽ ሰበሰባቸው። የሺሃረግ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሃል መጣች። ፍሰሐ፣ ትርፌ፣ አስናቀና ፋጡ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ከዲሮ በጭቃ እግሩ አፍሮ በሩ ላይ ቆመ። መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ውጭ ይጠብቃል።

«አቶ ወልደ ሚካኤል የሞቱት በብርድ ነው» አለ ሣህሌ ድምፁን ሳያነሳ። «ግን ጠፍተው አይደለም። የጠፋ ሰው ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ያገኘው በር ላይ ይቆማል። እሳቸው አንዴም ሳይዞሩ ቀጥ ብለው ሄደዋል። ደብዳቤ ይዘው ነበራ።»

ፖስታውን አወጣ።

«ይህን የሰጣቸው ሰው የቤቱን ጥበቃ ያውቃል። ብርድ ልብሱን አነሳ። ለሽማግሌው ያ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ አንስተው ሊያጥፉ አይችሉም። ካልተፈረመላቸው እንደማይመለሱም ያውቃል። ስለዚህ ሊፈርም የማይችል ሰው መረጠላቸው። ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈውን።»

ትርፌ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የሺሃረግ ናት እንዳንል» ሲል ቀጠለ፣ «ካፖርቱ እስከ አንገት ተቆልፏል። እሷ ላይኛዋን ቁልፍ አትቆልፍም፤ ይጮሃሉና። የቆለፈው በየቀኑ የማያለብሳቸው ሰው ነው። ሽማግሌውም ያን ቀን አልጮሁም። ሥራ ላይ ነበሩ።»

«እኔም አላለብሳቸውም እኮ!» አለች ትርፌ።

«አዎ። ግን ዝናቡን ያሳለፍሽው ከፋጡ ጋር ታዛ ሥር ነው።»

«ፊት ለፊቴ ነበረች፤ ስታወራ ነው የዋለችው» አለች ፋጡ።

«ደግሞም ስለ ሙሴ ያኒ ስጠይቅሽ ሳልጨርስ ነገርሽኝ። ጓድ አስናቀ ለዚህ አገር የሁለት ዓመት ሰው ነው፤ መዝገቡንም አልለቀቀም። በበቅሎ ወደዚያ ወፍጮ የሄደ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ያ ልጅ አድጎ፣ በዝናቡ እረፍት ርሶ ተመለሰ፤ አላውቀውም አለኝ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ፈላጊውን ሁሉ ወደ ሲሬ መውጫ መራው። አባቱ ሽቅብ ሄደዋል፤ እሱ ሰዉን ቁልቁል ወሰደው። እሳቸው እስካሉ ደግሞ ሚስቱ ወደ አቦምሳ አትሄድም።»

ማንም ወደ ፍሰሐ ለመዞር አልቸኮለም። እሱ እጆቹን ያያል።

«በርሜል ልትደቅን ጓሮ ስትወጣ አይቼ ነው የገባሁት» አለ በመጨረሻ። «ደብዳቤውን ስሰጠው ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ። አራት ዓመት እንዲያ ሲቆም አላየሁትም። ‹አደርሳለሁ ጌታዬ› አለኝ። ቁልፉን... ብርድ እንዳይመታው ነው የቆለፍኩለት።»

«ብርድ እንዳይመታው» አለ ሣህሌ።

«ከስብሰባው ስወጣ እደርስበታለሁ ብዬ ነበር።»

«ሲሬ መውጫ ላይ?»

የሺሃረግ ያኔ ቀና አለች። ድምጿ ቤት ውስጥ ስለ ጨው የምትጠይቅ ዓይነት ነው።

«ሰኞ ሲወስዱኝ በሩ ላይ ቆመህ አይተኸኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«ምን ልትል ነበር ታዲያ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ የሺ። አልቀሽ ነበር እኮ። እኔ...»

«እኔ ገላግለኝ አላልኩህም» አለች፤ ከዚያ በኋላ አላነጋገረችውም።

መኪናው አልቀረም፤ ሰው ብቻ ቀየረ። ትርፌ እያለቀሰች ጋቢውን ወንድሟ ትከሻ ላይ አስተካከለችለትና ተከትላው ሮጠች። ፋጡና ከዲሮም ወጡ። ሣህሌ ወደ የሺሃረግ ተጠግቶ ነፃ መሆኗን፣ ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትችል ነገራት። እሺ አለች፤ ግን አልተነሳችም። ግድግዳውን ተደገፈች። ዓይኗ ተከደነ፤ አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ። ሣህሌ ታማ መስሎት ትንፋሿን አዳመጠ። ተኝታለች። ተነስቶ የሚሄድባት ስለሌለ፣ ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጆሮዋን ክፍት ሳታደርግ የተኛች ሴት እንቅልፍ ነው።

«አዳራሹን ልቆልፍ ነው» አለ አስናቀ ቁልፉን እያንቀጫቀለ። «በስምንት ሰዓት ስብሰባ አለን።»

«ውጭ ሰብስባቸው።»

«በጭቃው ላይ? ሃምሳ አለቃ፣ አጀንዳው እኮ...»

«ጓድ አስናቀ፣ ቁልፉን አታንቀጫቅለው።»

በስምንት ሰዓት ሰዉ መጣ፤ ጭቃው ላይ ቆሞ ስሙ ተጠራ። አስናቀ የየሺሃረግ ስም ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ራሱ «አለች» ብሎ ምልክት አደረገ። ሃምሳ አለቃ ሣህሌ የአዳራሹ ደጃፍ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እስክትነቃ ድረስ ተቀመጠ።