የሁለተኛው ረድፍ ንብ

ናስቲሆ የሳጥኑን የመስታወት ክዳን ከፍታ፣ የሞተች ንብ በመርፌ ጫፍ እንደያዘች ቆመች። የሳይንስ ክፍሉ ባዶ ነው። እረፍቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

ሳጥኑ ውስጥ ሃያ ሦስት የአበባ ዝንቦች ተሰክተዋል። ሩቅ ሆኖ ያያቸው ንብ ይላቸዋል። ንብ ግን አራት ክንፍ አላት፤ እነዚህ ሁለት ብቻ። ዓይናቸው በነጠብጣብ የተሞላ ነው። ወገናቸው (ጂነሳቸው) ኤሪስታሊነስ የሚባለው መሆኑን ናስቲሆ የለየችው በዚያ ነጠብጣብ ነው። ሦስት ወር ሙሉ መጋላ ሰፈር ካለው ቦይ ዳር ተንበርክካ ትላቸውን በሻይ ማጥለያ አውጥታለች፤ በማርማላታ ጠርሙስ አሳድጋለች። ትሎቹ የሚኖሩት የገማ ውሃ ውስጥ ነው፤ በረጅም ጅራታቸው ከላይ አየር ይስባሉ። የመጨረሻው ጠርሙስ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ አለ።

የክፍል ጓደኛዋ ሙልኪ ያኔ አፍንጫዋን ይዛ ከሩቅ ነበር የምትቆመው። «አቦ ናስቲሆ፣ የቦይ እረኛ ሆንሽ እኮ!» ትላት ነበር። ለሳይንስ ውድድሩ አብረው ሲሠሩ የሙልኪ ድርሻ ሳጥኑን ማስዋብ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ሆነ፤ የሙልኪ።

«የኔ ስምስ?»

«ቦታ አልበቃማ። ደሞ አንቺ ሰው ፊት መናገር ትፈሪያለሽ፤ ምን ይሠራልሻል?» ሙልኪ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «ዝንብ ለቃሚዋ ተቆጣች።»

ሳቁ። ናስቲሆ ለቲቸር ሽመክት ልትናገር አሰበችና ተወችው። አልቃሻ መባል አልፈለገችም።

ከሰዓት ዳኛ ይመጣል። ሙልኪ ክንፍ ቆጥራ አታውቅም።

ናስቲሆ ከሁለተኛው ረድፍ አንዷን ዝንብ ነቅላ ንቧን ሰካች። ልክ ገባች። ማንም አይለይም፤ አጉሊ መነጽር ከያዘ ሰው በቀር። ደስ አላት።

ከዚያ ከመርፌው ሥር ያለችውን ትንሽ ወረቀት አየች። «መጋላ፣ ቦይ ዳር፣ ጥቅምት 12» ትላለች፤ በራሷ እጅ ጽሑፍ። ንቧ ከቦይ አልወጣችም። ሙልኪን ሊያዋርድ የመጣው ውሸት የተጻፈው በናስቲሆ እጅ ነው።

ጥርሷን ነክሳ ንቧን ነቀለች፤ ዝንቧን መለሰች። ለሙልኪ አዝና ግን አይደለም።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሙልኪ መድረክ ላይ ወጣች፤ አንደበቷ ማር ነው። «አበባ ለአበባ እየዞርኩ ፈለግኳቸው። ከትልነታቸው ጀምሮ በነዚህ እጆቼ ነው ያሳደግኳቸው።»

ዳኛዋ አጉሊ መነጽሯን በየረድፉ አሳለፈች። ስህተት አላገኘችም። «ጥያቄ ያለው?» አለች።

ናስቲሆ የተቀመጠችው ከፊት ነው። ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ክዳኑን አላላች። አጠገቧ ያለው ልጅ አፍንጫውን ያዘ። ውሃው ውስጥ ትሎቹ ጅራታቸውን ዘርግተው ይዋኛሉ። ሙልኪን አንዷን ትል በእጇ እንድታወጣ ብቻ ነው የምትጠይቃት።

ሙልኪ ጠርሙሱን አየች። ፈገግታዋ ጠፋ፤ በዓይኗ ተለማመጠቻት።

ናስቲሆ ዓይኗን ሳትሰብር ለጥያቄ እጇን አወጣች።