የወታደሩ ትንሿ ጣት

ያን አሮጌ ፎቶ አጽድቶና አሳድጎ ለማተም ሁለት ሦስት ቀን ይበቃ ነበር። ፎቶ አንሺዋ ግን አንዴ ቀለም አልመጣም፣ አንዴ ወረቀት አልቋል እያለች የታሪክ መምህሩን ወሩን ሙሉ አመላለሰችው። እውነቱ ሌላ ነው። ሥራው ካለቀ መምህሩ አይመጣም፤ እሱ ካልመጣ ደግሞ ቀኑ አይመሽላትም።

መምህሩም አልቸኮለም። በጦርነቱ ስለሞተው የሰፈሩ ወታደር ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና ከርሟል። ቅዳሜ ፎቶው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰቀላል፣ እሱም የወታደሩን ሕይወት ለሰፈሩ ሰው ያነባል። ፎቶውን የሰጡት የሟቹ እህት ናቸው። የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደረገ፣ ኮስተር ያለ ወጣት ነው። መምህሩ በተለይ ትንሿን ጣት ይወዳታል።

«ቆልመም ማለቷን አየሽ?» ይላታል ጎንበስ ብሎ፣ ጭንቅላታቸው ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው። «በውጊያ የተሰበረች ናት። በዚህች ጣት ነው የተዋጋው።»

እሷ ግን የምታየው የወታደሩን ጣት ሳይሆን የሱን ሽፋሽፍት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ትልቁ ፎቶ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ አባቷ ገቡ። ፎቶ ቤቱን ለሷ ከተዉ ወዲህ ብቅ የሚሉት ሥራዋን ለመንቀፍ ነው። ዛሬ ግን ትችቱን ረስተው መነጽራቸውን ጠራረጉ።

«ይቺ ጣት የኔ ናት» አሉ።

ሳቀች። አባቷ ትንሿን ጣታቸውን ፎቶው ላይ ካለችው አጠገብ አስቀመጡ። ቁርጥ እሷ። የፎቶ ቤቱ በር ቀርጥፎ ያቆለመማት ጣት ናት። በጦርነቱ ጊዜ ልጃቸውን ያጡ ሰዎች በወታደር ልብስ የተነሳው ፎቶ የለንም እያሉ ይመጡ ነበር። አባቷም ልብስ ተውሰው ራሳቸውን አነሱና የሟቾቹን ፊት በዚያ አንገት ላይ እየገጠሙ፣ መጋጠሚያውን በብሩሽ እያጠፉ ሰጡ።

«እምቢ ብዬ እናት ላስለቅስ?» አሉ።

ፎቶ አንሺዋ ክው አለች። ለመምህሩ ብትነግረው የዓመት ልፋቱ ገደል ይገባል፣ እሷንም ከነአባቷ ይጠላታል። ዝም ብትል ደግሞ በሰፈሩ ሰው ፊት ቆሞ ስለ አባቷ ጣት ጀግንነት ይሰብካል። ሳቋም እንባዋም እኩል መጡባት። የምትወደው ሰው መሳቂያ ሲሆን ከማየት ቢጠላት ይሻላል ብላ ቆረጠች። ማታውን ሲመጣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

መምህሩ ፎቶው ላይ ጎነበሰ።

«ትከሻውስ?» አለ በመጨረሻ።

«የአባባ ነው።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱ የራሱ ነው።»

ሳይሰናበታት ወጣ። ያን ሌሊት በቃ፣ አለቀ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ግን የሟቹን እህት ደግፎ መጣ። አሮጊቷ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«እኔ እኮ ነኝ ያሠራሁት። ወንድሜ ቀጫጫ ነበር፣ ንፋስ ይወስደዋል የሚባል። ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር፤ ሊጥ ሲያቦካ ይዘፍናል፣ ድምፁ ደግሞ አያድርስ ነው። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። ሰፊ ትከሻ ብንሰጠው ምን አለበት ብዬ ነው።»

«ታዲያ እማማ፣ ስለ ጣቱ ሳወራ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልጄ፣ እንደዚያ ደስ ብሎህ ስታወራ ማን ያቋርጥሃል?»

አባቷ ጓዳ ገብተው አቧራ የጠጡ ሣጥኖች ሲያገላብጡ ቆዩና ፊቱን የወሰዱበትን የመጀመሪያውን ፊልም አገኙት። እሷ አተመችው። ዱቄት የነካው ሸሚዝ የለበሰ ከሲታ ልጅ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ ይስቃል። ያን ሳቅ ነበር አባቷ በብሩሽ የዘጉት። አሮጊቷ ፎቶውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ይኸው፣ እሱ ነው» አሉ፣ እያለቀሱም እየሳቁም።

ቅዳሜ የተሰቀለው ይኸኛው ነው። መምህሩ የጻፈውን ትቶ ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ስለ ክፉ ድምፁ፣ ሲጠሩት ሄዶ ስላለመመለሱ ተናገረ። ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ ሳይነገረው ብድግ ብሎ ቆመ። ከኋላ የቆመችው ፎቶ አንሺ በኩራት አበጠች፤ ከዛሬ ወዲያ እንደማይመጣ ስታስብ ደግሞ እንደ ፊኛ ተነፈሰች።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እጁ ላይ ምንም የለም።

«ምን ላትምልህ?» አለችው።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

እጁን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው። ጆሮው ቀላ።

«አንቺን ላይሽ» አለ።

ፎቶ አንሺዋ ወንበር ስባ ከራሷ ወንበር አጠገብ አስቀመጠችለት፤ ደንበኛ ሲመጣ ትነሳለህ ብላም አስጠነቀቀችው። ደንበኛ መጣ። መምህሩ አልተነሳም። ሴትዮዋ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ባልሽ ነው?»

ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን አስተካከለች።

«ገና ነው» አለች።