ማገናኛ ያልገጠማቸው ሁለት አፎች

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ከሆነው ላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ሌሊት አልነበረም። መቃብር አጠገብ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ምናምን የሚባል ነገርም የለበትም። ሐምሌ ውስጥ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ዳር ያለ አንድ ግቢ ውስጥ። ጭጋግ ወርዶ ነበር እንጂ ብርሃን ነበር።

ስሜ ዕዝራ ነው። ቡራዩ ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነው። ሰዎች መኪና ውስጥ ቤት ሠርተው አገር ሲዞሩ አያለሁ። አልጋ ያለው መኪና... ጠዋት በሩን ስትከፍተው ደጁ ሐይቅ የሆነ።

ይሄን ህልሜን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለኢፋ።

ኢፋ የሰበታ ልጅ ነው፤ መካኒክ። ከእሱ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። "ኤዝ" ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ደወለና፣

"ኤዝ፣ ህልምህን ሱሉልታ ቆማ አገኘኋት!" አለኝ።

አሮጌ አምቡላንስ ናት። አንድ ፈረንጅ ቤት ሊያደርጋት ጀምሮ፣ ሳይጨርሳት አገሩ ገብቷል። ኦቦ ኦዳ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ ከድርቆሽ ክምር ማዶ ቆማለች። ኢፋ ሊቤ ከሚባል ልጅ ጋር ሥራዋን ጀምሮ ነበር። ሊቤ ግን ገላን ፋብሪካ ገባ አለኝ። የቀረውን እኔና ኢፋ ልንጨርስ ተስማማን።

"ግማሹ ያንተ ነው" አለኝ። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከደስታ።

የቀረው ማሞቂያው ነው። አንዲት በናፍጣ የምትሠራ ትንሽ ምድጃ ውሃ ታሞቃለች። ፓምፕ ሙቁን ውሃ በጎማ ቱቦ እያዞረ አልጋው ሥር ወዳሉት ራዲያተሮች ይወስደዋል። ሱሉልታን በክረምት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

ጣጣው መጋጠሚያው ላይ ነው። የመኪናዋ ቧንቧዎች በሚሊ የተሠሩ ናቸው፤ ገበያ ላይ ያለው ጎማ ደግሞ በኢንች። ማገናኛው ትንሽ ከጠበበ ያፈሳል። ከሰፋ ጎማውን ይሰነጥቀዋል። ፕላስቲክ ከሆነ ሙቅ ውሃ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ነሐስ መሆን አለበት፤ ጥርሱ ከቧንቧው ጥርስ ጋር አንድ ዓይነት፤ ጎማው ላይ በፋሸታ፣ በብረት ማጥበቂያ ቀለበት፣ የሚታነቅ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ነፍሴ ነው። ተንበርክኬ ሁሉንም ለካሁ።

ሁሉንም... ከሁለቱ በቀር።

ከአልጋው ኋላ ካለው የእንጨት ግድግዳ ሁለት አጫጭር የቧንቧ አፎች ወጥተዋል። ስለካቸው አሥራ ስድስት ሚሊ ሆኑ።

መልሼ ስለካቸው ሃያ።

"ኢፋ! እነዚህ ወዴት ነው የሚሄዱት?"

መልስ የለም። ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል። ስትጠራው አቤት አይልም። ድምፁን አጥፍቶ ይመጣል፣ ፊትህን በደንብ ያያል፣ ከዚያ ነው የሚያወራህ። ከስቷልም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

መጣ። ፊቴን አየ።

"ከኋላው ሌላ ራዲያተር አለ" አለኝ።

ወጥቼ ከውጭ በኩል አየሁት። ከውጩ ቆርቆሮ እስከ ውስጡ እንጨት ያለው ክፍተት አንድ ጣት አይሞላም። ራዲያተር ቀርቶ ሳህን አያስገባም።

"እዚህ ውስጥ ምንም ሊኖር አይችልም እኮ።"

"ኤዝ፣ አታድርቀኝ። ማገናኛ ግዛላቸው።"

"ስንት ሚሊ?"

"የትኛውንም።" ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። "አንተ ይዘህ ከመጣህ... ይገጥማል።"

ዕቃውን የገዛሁት ሰበታ፣ ኢፋ ደንበኛ የሆነበት ሱቅ ነው። ባለሱቋ ወርቅውሃ የምፈልገውን ስዘረዝርላት ሳቀችብኝ።

"ወንድሜ፣ መኪና ነው ሻወር ቤት የምትሠራው?"

"ሁለቱንም" አልኳት።

"በል ስትመርቀው ጥራኝ፣ ፎጣዬን ይዤ እመጣለሁ።" እየሳቀች ዕቃውን አሰረችልኝ። ከዚያ ሳቋን አቆመች። "ያ ቀጭኑ ልጅስ? ከኢፋ ጋር ይመጣ የነበረው?"

"ሊቤ? ገላን ሥራ ገብቷል።"

"እናቱ እዚህ ድረስ መጥታ ጠይቃኝ ነበር" አለች። "ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም ብላ።"

ቡራዩ እስክገባ ድረስ ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም። ግን ኢፋ ነው... ኢፋ ይዋሸኛል ብዬ እንዴት ላስብ?

በማግስቱ ሱሉልታ ሄድኩ።

ሌሎቹ መጋጠሚያዎች ላብ በላብ አደረጉኝ። ጎማውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ በፒንሳ እየታገልኩ ነው ያስገባኋቸው። ሁለቱ አፎች ጋ ስደርስ ግን ማገናኛውን ገና ሳስጠጋው ገባ። አልገፋሁትም። አላዞርኩትም። ራሱ ገባ። ሁለተኛውም እንዲሁ።

ፋሸታውን ሳጠብቅ ነሐሱ እጄን ሞቀኝ።

ምድጃዋ ገና አልተለኮሰችም ነበር።

ለኢፋ ነገርኩት። ይደነቃል ብዬ ነበር።

"ጥሩ" ብቻ አለ።

ውሃ ሞላን። ውሃ ከተሞላ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ውሃው አይዞርም። አንድ ሰው ውጭ ፓምፑን ይይዛል፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ትንሿን ቫልቭ ይከፍታል።

"አንተ ውስጥ ሁን" አለኝ ኢፋ። "በሩን ልዝጋው፣ ብርድ ይገባል። ስጠራህ አቤት በል፣ እሺ? ጮክ ብለህ። ካልመለስክልኝ ፓምፑን አላስነሳም።"

"እሺ።"

"አቤት ማለት እንዳትረሳ፣ ኤዝ።"

በሩ ተዘጋ። ከውጭ ቀጭ... የሚል ነገር ሰማሁ።

አልጋው ሥር ተንበረከኩ።

"ዕዝራ..."

"አቤት!" አልኩና ቫልቩን ከፈትኩ።

ሽሽሽሽ...

አየር መውጣት ነበረበት። ጣቴን አስጠጋሁ።

እየወጣ አልነበረም። እየገባ ነው። ቧንቧው አየር ይስባል... ረጅም፣ ቀስ ያለ... እንደሚተነፍስ ሰው።

"ዕዝራ..."

ድምፁ የኢፋ ነው። የመጣው ግን ከውጭ አይደለም። ከአልጋው ኋላ ነው።

ኢፋ ደግሞ ዕዝራ ብሎኝ አያውቅም።

ተነስቼ መስኮቱን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ኢፋ ድርቆሹ ጋ ቆሟል። ሩቅ። ሁለት እጁን ጃኬቱ ኪስ ከቶ ወደ መኪናዋ ያያል።

ልጅ ሆነን ሁላችንም የተነገረን ነገር አለ። የጠራህን ሰው ሳታይ አቤት አትበል። ሰው ላይሆን ይችላል።

በሩን ገፋሁት። ተቀርቅሯል።

ደወልኩ። ኢፋ ስልኩን ሲያወጣ አየሁት። ስሜን አየ... መልሶ ኪሱ ከተተው።

ደግሜ ደወልኩ። አነሳ።

"ኤዝ..." ድምፁ ሹክሹክታ ነው።

"በሩን ክፈት።"

"መለስክለት?"

"ኢፋ፣ በሩን ክፈትልኝ!"

"መጀመሪያ የመለሰለት ሊቤ ነው። እዚያው አንተ ያለህበት። ስገባ አልነበረም... ልብሱ ብቻ። ከዚያ እኔን መጥራት ጀመረ። ቤት። መንገድ ላይ። በእናቴ ድምፅ ሳይቀር። እስካሁን አልመለስኩለትም። ግን ሌላ ሰው ካልመለሰለት አይተወኝም። እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ..."

"ለምን እኔን?"

በመስኮቱ ሳየው ፊቱን ከመኪናዋ አዞረ።

"ሊቤን እናቱ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ዓይን ዓይኔን እያየች። አንተን ግን... ኤዝ፣ አንተን ማን ይጠይቀኛል?"

ከኋላዬ ካለው ነገር ይልቅ ይቺ ቃል ጎዳችኝ። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ብቻዬን መሆኔን የነገርኩት ለእሱ ነበር። ጓደኛዬ ስለሆነ ነበር የነገርኩት።

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው።

ያኔ... ከአልጋው ኋላ... ለቅሶ ባነቀው በእኔ ድምፅ...

"ኢፋ..."

እምላለሁ፣ አፌን አልከፈትኩም።

ስልኩ ውስጥ ኢፋ ሲያለቅስ ሰማሁት።

"አቤት፣ ኤዝ" አለ። "አቤት፣ ወንድሜ።"

ቧንቧው ትንፋሹን አቆመ። ነሐሱን ነካሁት። በረዶ ሆኗል። የፈለገው ከእኔ አቤት ይልቅ የእሱን ነበር።

"ኤዝ?" አለ ኢፋ ቀስ ብሎ። "አሁን የጠራኸኝ... አንተ ነህ አይደል?"

"አይደለሁም" አልኩት።

ስልኩ ተቋረጠ። በመስኮቱ ሳይ ወደ ግቢው በር እየሮጠ ነው። መዳፌ እስኪላጥ በሩን ደበደብኩት።

"ኤኙ? ማነው ውስጥ?" የኦቦ ኦዳ ድምፅ ነው። መደብደቤን ቀጠልኩ። መቀርቀሪያውን አነሱት።

"ማነው የቆለፈብህ፣ ልጄ? ምን ሆነህ ነው?"

አልፌያቸው ሮጥኩ።

አስፋልቱ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሟል። ኢፋ እየገባ ነው።

"ኢፋ! አትግባ! ኢፋ!"

ሰምቶኛል። ትከሻው ሲሸማቀቅ አይቻለሁ። ግን አልዞረም። ገብቶ መስኮት ጋ ተቀመጠ፤ ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፈነ።

ረዳቱ በሩን አልዘጋውም።

"ግባ፣ ግባ፣ ቦታ አለ" አለ፤ ወደ ባዶው መንገድ እያየ። ከዚያ ሰው እንደሚያሳልፍ ደረቱን ሰብስቦ ጠጋ አለ።

በሩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ቆም ብሎ እጅጌውን አየው። ውሃ ያንጠባጥባል... እንፋሎትም ይወጣበታል።